በአንድ አይፒ አድራሻ ላይ ለአራት ደንበኞች አራት የኤፍቲፒ ሰርቨር ማቋቋም ይቻላል?

ጠያቂ፦ ማተሚያ_ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነው። ደንበኞቻችን ለኅትመት የተዘጋጁ ገጾችን እስካሁን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ሲያደርሱን ቆይተዋል። ፋይሉ እየከበደ ስለ መጣ አንድ ቨርቹዋል ሰርቨር ተከራይቼ ኡቡንቱ ከጫንኩ በኋላ ቪኤስኤፍቲፒዲን (በኤፍቲፒ፣ ማለትም በኔትወርክ ፋይል ማስተላለፊያ ደንብ፣ የሚሠራ የሰርቨር ፕሮግራም) አስነሥቻለሁ። ለአራት ደንበኞች አራት ንዑስ ዶሜይን ከፍቼ ሁሉንም ወደዚያው አይፒ አመልክቻለሁ፤ ሐሳቤ እያንዳንዱ ደንበኛ በራሱ ዶሜይን ሲገባ የራሱን ፎልደር ብቻ እንዲያይ ነበር። ይሁን እንጂ በየትኛውም ስም ቢገባ የሚከፈተው ያው አንድ ቦታ ነው።

ሌላም ችግር አለ። እኔ ፋይልዚላ በተባለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም ስገባ ሁሉም ነገር በትክክል ይሠራል፤ አንዱ ደንበኛ ግን በሚጠቀምበት ሌላ ፕሮግራም የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የፋይሎቹ ዝርዝር ሳይመጣለት ቆይቶ ግንኙነቱ ይቋረጣል። በላከልኝ ሎግ ላይ የመጨረሻው መልስ 227 የሚል ሲሆን በቅንፍ ውስጥ 10,0,0,5,195,149 ይላል። ሁለቱ ችግሮች ይገናኙ ይሆን?

መልስ፦ ገመድና_ፖርት

አይገናኙም፤ ሁለተኛው ስለሚቀል ከእርሱ ልጀምር። በቅንፍ ውስጥ ካሉት ስድስት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሰርቨሩ «ፋይሉን ለመቀበል ወደዚህ ና» ብሎ የሰጠው አድራሻ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ፖርቱን ይነግራሉ። 195ን በ256 አባዝተው 149 ሲደምሩ 50069 ያገኛሉ። ስለዚህ ሰርቨርዎ ደንበኛውን ወደ 10.0.0.5 ልኮታል ማለት ነው፤ ይህ ግን አከራዩ በውስጥ ኔትወርኩ የሚጠቀምበት አድራሻ ስለሆነ ከውጭ ማንም አይደርስበትም። ፋይልዚላ እንዲህ ያለ የማይደረስበት አድራሻ ሲሰጠው ትቶት መጀመሪያ የገባበትን አድራሻ ይጠቀማል። ለእርስዎ የሠራልዎት በዚህ ምክንያት ነው፤ የፋይልዚላ ደግነት ስሕተቱን ሸፈነብዎት።

መፍትሔው በቪኤስኤፍቲፒዲ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ለፓሲቭ ሞድ (ደንበኛው ራሱ ሰርቨሩ ወደ ሰጠው አድራሻ የሚመጣበት አሠራር) የሚሰጠውን አድራሻ ወደ ሕዝባዊው አይፒ መቀየርና የፖርቶቹን ክልል መወሰን ነው፤ ለምሳሌ ከ50000 እስከ 50100። ይህንኑ ክልል በኡቡንቱው ፋየርዎልም በአከራዩ የቁጥጥር ገጽም ይክፈቱ፤ አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ይረሳል። በፋይልዚላ ያለ ችግር መሥራቱ ደግሞ ፋየርዎልዎ አሁን ሁሉንም ፖርት ክፍት ሳይተው እንደማይቀር ያስጠረጥረኛልና እሱንም ይመልከቱት። «አክቲቭ ሞድ ይሞክሩ» የሚል ምክር ቢሰሙ አይቀበሉ፤ በሞባይል ዳታ ወይም በቢሮ ራውተር በኩል ወደሚገባ ደንበኛ ሰርቨሩ በራሱ ተነሥቶ መገናኘት አብዛኛውን ጊዜ አይችልም።

መልስ፦ የሰርቨር_ዘበኛ

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ፦ ድረ ገጽ ላይ በአንድ አይፒ ብዙ ዶሜይን መለየት የሚቻለው አሳሹ ገጽ ሲጠይቅ የዶሜይኑን ስም አብሮ ስለሚልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኤፍቲፒ መመሪያ ግን የዶሜይን ስም የሚላክበት ትእዛዝ የለውም፤ ክላይንቱ (የደንበኛው ፕሮግራም) ስሙን ወደ አይፒ ለውጦ ይመጣል፣ ሰርቨሩም በየትኛው ስም እንደ መጣ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሆስት» የተባለ ትእዛዝ ተጨምሯል፤ ነገር ግን የእርስዎ ደንበኞች ፕሮግራም ይህን ይልካል ብለው እንዲተማመኑ አልመክርዎትም። በአንዱ ማሽን ላይ በእውነት የተለያዩ የኤፍቲፒ ሰርቨሮች ከፈለጉ ለእያንዳንዱ የተለየ አይፒ ወይም የተለየ ፖርት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ፕሮኤፍቲፒዲ የተባለው ሌላ የኤፍቲፒ ሰርቨር ይመቻል።

እኔ ግን የሚፈልጉት አራት ሰርቨር ሳይሆን አራት ቨርቹዋል ተጠቃሚ ይመስለኛል። እነዚህ ተጠቃሚዎች በሊኑክሱ ላይ አካውንት የላቸውም፤ ስማቸውና የይለፍ ቃላቸው በተለየ ዳታቤዝ ተቀምጦ በፓም (በሊኑክስ የተጠቃሚ ማረጋገጫ ሥርዓት) በኩል ይረጋገጣል፣ ሁሉም ከበስተ ጀርባ በአንድ ተራ አካውንት ይሠራሉ፣ ፎልደራቸው ግን በስማቸው ይለያል። ሁለት ወጥመድ አለ። ቪኤስኤፍቲፒዲ ሳይነገረው ቨርቹዋል ተጠቃሚን እንደ እንግዳ ስለሚያይ ፋይል መጫን ይከለክለዋል፤ «ቨርቹዋል ዩዝ ሎካል ፕሪቭስ» የሚለውን መክፈት ያሻል። ሁለተኛው፣ ተጠቃሚው ከእርሱ እንዳይወጣ የታጠረበት ዋናው ፎልደር ለእርሱ የሚጻፍበት ከሆነ ሰርቨሩ 500 የሚል የስሕተት መልስ ሰጥቶ ያስወጣዋል። ብዙ ጽሑፎች ይህን መከልከያ አጥፉት ይላሉ። እኔ አላጠፋም፤ ዋናውን ፎልደር ንባብ ብቻ አድርጌ በውስጡ «ገቢ» የሚል የሚጻፍበት ፎልደር እፈጥራለሁ።

መልስ፦ ቁልፍ_ያዥ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ቢሆንም፣ ተራ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር እንደሚልክ ማንም አላነሣም። ገና ያልታተመ መጽሔት በዚህ መንገድ ባይላክ እመርጣለሁ። ደግሞም ደንበኛው ሊንኩን ተጭኖ በአሳሹ ልክፈት ቢል አይሳካለትም፤ ፋየርፎክስም ክሮምም እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፍቲፒን አስወጥተዋል።

ኦፕንኤስኤስኤች (ከርቀት በተመሰጠረ ግንኙነት ወደ ሰርቨር መግቢያው ፕሮግራም) ሰርቨርዎ ላይ ቀድሞውኑ አለ፤ ኤስኤፍቲፒ (የተመሰጠረ ፋይል ማስተላለፊያ) በእርሱ በኩል በፖርት 22 ብቻ ስለሚሄድ የ227 ታሪክ ጨርሶ አይነሣም። ለደንበኞቹ አንድ ግሩፕ ፈጥረው ኤስኤፍቲፒ ብቻ እንዲፈቀድላቸውና በፎልደራቸው እንዲታጠሩ ያድርጉ። የሚታጠሩበት ፎልደር፣ ከበላዩ ያሉትም ጭምር፣ ባለቤታቸው ሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) መሆን አለበት፤ ሌላ ሰው የመጻፍ መብት ካለው ግንኙነቱ ወዲያው ይዘጋል። ጉዳቱ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እውነተኛ የሊኑክስ አካውንት መክፈት ማስፈለጉ ነው፤ ለአራት ሰው ግን ይህ ሸክም አይደለም።

ጠያቂ፦ ማተሚያ_ክፍል

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አድራሻውንና የፖርቱን ክልል ካስተካከልኩ በኋላ የዚያ ደንበኛ ዝርዝር ወዲያው መጣለት፤ ፋየርዎሉም እንደተጠረጠረው ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሦስቱን ደንበኞች ወደ ኤስኤፍቲፒ አዛውሬያለሁ። አራተኛው የሚጠቀምበት የቆየ ፕሮግራም ከኤፍቲፒ ሌላ ስለማያውቅ ለጊዜው በቨርቹዋል ተጠቃሚነት አቆይቼዋለሁ። በእርሱ ላይ ግማሽ ቀን ፈጅቻለሁ፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ 530 (መግባት አልተሳካም) እያለ ይመልሰው ነበር። ለካ በፓም ፋይሉ ውስጥ የዳታቤዙን ስም «ነጥብ ዲቢ» ከሚለው ቅጥያው ጋር ጽፌው ኖሯል፤ ሞጁሉ ቅጥያውን ራሱ ስለሚጨምር የሌለ ፋይል ሲፈልግ ነበር።

መልስ፦ የሰርቨር_ዘበኛ

ያ ቅጥያ እኔንም አሳስቶኛል። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዳታቤዙን የሠሩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል የይለፍ ቃሉን እንዳለ ይዞ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ወይ ያጥፉት፣ ወይ ፈቃዱን 600 አድርገው ለሩት ብቻ ይተዉት፤ ዳታቤዙም ላይ እንዲሁ ያድርጉ።