የስሪላንካው የጋራ ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተስማማነው የምናጠናው የስሪላንካን የሽምግልና ቦርዶች ነው፣ ክርክር ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት የሚሸመገልባቸውን። ፕሮፖዛሉ የማኅበሩ ስለሆነ ሁሉም ሰው አንድ አንድ ነገር ጣል ያድርግበት። እኔ የጀመርኩት ረቂቅ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ለስድስት አባላት የሁለት ሳምንት ጉዞ፣ ሕጉን ወደ አማርኛ መመለስ፣ ከዚያ በሁለት ወረዳ ሙከራ። አሁን የቸገረኝ «ለምን ስሪላንካ?» የሚለው ክፍል ነው። ባሕር ስለናፈቀን ነው እንዳትሉኝ ብቻ።

ወጣቱ ጠበቃ፦
እሱን ለእኔ ተዉት። አጭሩ ይኸውላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የሽምግልና ቦርዶች ሕግ ቁጥር 72 የወጣው በ1988 ነው። ቦርዶቹ ሥራ የጀመሩት በ1990 ሲሆን ዛሬ ከ300 በላይ ሆነዋል። ገንዘቡ ሕጉ ከወሰነው ልክ በታች የሆነ ክርክር መጀመሪያ ወደ ቦርድ ይሄዳል። ስድብና ቀላል ድብደባን የመሳሰሉ ጥቃቅን ወንጀሎችም እንዲሁ። ባለጉዳዮቹ ካልተስማሙ ቦርዱ ያለመስማማታቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጣቸዋል። ያለዚያ ወረቀት ፍርድ ቤት ጉዳዩን አያይላቸውም። ልኩ መጀመሪያ 25,000 ሩፒ ነበር። በኋላ ወደ 250,000፣ ከዚያም ወደ 500,000 አደገ። ሸምጋዮቹ ደመወዝ የላቸውም፣ የመጓጓዣ ብቻ ነው የሚያገኙት። የሚቀመጡትም አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም ቤተ መቅደስ ግቢ ነው። ጠበቃ ደንበኛውን ወክሎ አይገባም። (ይቺን ስጽፍ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ።)

ጡረተኛው ዳኛ፦
ልጄ፣ ጥሩ ነው። ግን ዋናውን ዘለልከው። ከ1988 በፊት ምን ነበር? በ1958 የወጣ የዕርቅ ቦርዶች ሕግ ነበራቸው። ሐሳቡ ከዛሬው ብዙም አይለይም። ግን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው የፖለቲከኛ ወዳጅ እየሆነ መጣ። ሰውም «እሱ ዘንድማ ሄጄ ምን ላገኝ» አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦርዶቹ ፈረሱ። አገሪቱ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ያለ እነሱ ኖረች።

የ1988ቱ ሕግ ያመጣው ቁም ነገር ይህን ማረሙ ነው። ሸምጋይ የሚሾመው አምስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ነው። ከአምስቱ ሦስቱ በጠቅላይ ወይም በይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰዎች መሆን አለባቸው። ዕጩ የሚጠቁሙት ደግሞ በየአካባቢው ያሉ ማኅበራት ናቸው። ከዚያ ላይ ጠብ ሲመጣ እያንዳንዱ ወገን ከዝርዝሩ አንድ ሰው ይመርጣል፣ ሁለቱ ተመራጮች ሦስተኛውን ሰብሳቢ አድርገው ይመርጣሉ። ይሄ ለእኛ ለአበሾች ማብራሪያ አያስፈልገውም። የእኔ ሽማግሌ፣ ያንተ ሽማግሌ ማለት ነው። ስለዚህ እኅቴ፣ ረቂቁ ከጉዞ ሳይሆን ከአመራረጥ ይጀምር።

ሰብሳቢ፦
ጋሼ፣ ገባኝ። ግን ጉዞውን አትሰርዙብኝ። አይተን ካልመጣን እኮ በወረቀት ብቻ ነው የምናወራው።

ጡረተኛው ዳኛ፦
ለስድስት ሰው? ሦስት ይበቃል። በተረፈው ገንዘብ ሕጉንና የሥልጠና ጽሑፋቸውን እንተርጉም።

የባሕር ዳር አባል፦
ከጋሼ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ከጎረቤቷ ጋር በቦይ ውኃ ተጣልታ ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሳለች። የእሱ ጣሪያ ውኃ በእሷ ግድግዳ ላይ ነበር የሚወርደው። መዝገቡ ወፈረ፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሆነ፣ ግድግዳው ግን እንደበሰበሰ ነበር። በመጨረሻ የሰፈር ሽማግሌዎች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ምንም ሳይናገር ወደ ጓሮ ዞረ፣ ጣሪያውን አየ፣ ሜትሩን አውጥቶ ለካ። «ሁለት ሜትር ከግማሽ ፒቪሲና አንድ ክርን» አለ። በቃ። ግማሽ ግማሽ ከፈሉ።

የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት እናቴ ከበሩ ውጭ ቡና ስታፈላ ነበር። ባለጉዳይዋ እሷ ሆና ሳለ! ንግግሩን የሰማችው በመጋረጃ በኩል ነው። ስሪላንካም ይሄን ጣጣ ጨርሳ አልፈታችውም፣ ሴት ሸምጋዮች ከወንዶቹ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ «ሴቶችን ያሳትፋል» ብለን አንለፍ። ከሦስቱ ሸምጋዮች ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን፣ ባለጉዳይም ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ ብለን በቁጥርና በግልጽ እንጻፈው።

የንግድ ሕግ አባል፦
እኔ ደግሞ የሲንጋፖር ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የሽምግልና ውል እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 2019 ለፊርማ ሲከፈት በዚያው ቀን 46 አገሮች ፈርመዋል። ስሪላንካ አለችበት። ከደሴቶቹ ፊጂ፣ ሞሪሽየስና ማልዲቭስም አሉበት። ፊጂማ በ2020 ካጸደቁት የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንዷ ናት፣ ሌላዋ ሲንጋፖር ራሷ ነች። በድንበር ተሻጋሪ ንግድ ላይ የተደረሰ የሽምግልና ስምምነት በሌላ አገር እንዲፈጸም የሚያደርግ ነው። ኢንቨስተር የሚጠይቀው ይሄን ነው።

ወጣቱ ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ ጉዳዩ ትልቅ ነው፣ ግን የቦይ ውኃን አይፈታም። አባሪ ላይ አንድ ገጽ ይበቃዋል። እኛ አገርም የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አለን፣ ከእሱ ጋር አያይዘን እናሳይ። (ይሄኛው 2013 የኛው ነው።)

የንግድ ሕግ አባል፦
አንድ ገጽ ተኩል። ☺

የሐዋሳ አባል፦
ስለ ደሴቲቱ ስንጽፍ ሁሉም ነገር እንደ ማር የጣፈጠ አናስመስል። ወደ ቦርዶቹ ከሚመጣው ጉዳይ ብዙው የባንክና የአበዳሪ ድርጅት ብድር ነው። ይሄ በደንብ ይታሰብበት። አንድ ገበሬ ከባንክ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ «ተስማማ» ሲባል ያ ሽምግልና ነው ወይስ ዕዳ ማስፈጸሚያ? እኛም ጋ ሙከራው ሲጀመር መጀመሪያ ተሰልፈው የሚመጡት ማይክሮፋይናንሶቹ ናቸው፣ በዚህ አትጠራጠሩ።

ሌላም አለ። የስሪላንካ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 2009 በቆየባቸው የሰሜን አካባቢዎች ቦርዶቹ የገቡት ዘግይተው ነው። ተፈናቅሎ የኖረ ሰው ሲመለስ መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ለተራው ቦርድ ስለሚከብድ በ2003 በወጣ ሌላ ሕግ መሠረት ለመሬት ብቻ የሚቀመጡ ልዩ ቦርዶች አሉ። ሦስቱ ሰዎች ከሄዱ ኮሎምቦ ሆቴል ውስጥ አይቀመጡ። ሰሜን ወርደው እነዚህን ይዩ። ለእኛ የሚጠቅመው እሱ ነው። ሲንሃላና ታሚል የሚናገሩ ባለጉዳዮች በየትኛው ቋንቋ እንደሚሸመገሉም ይጠይቁ። ሐዋሳ ላይ በየቀኑ የሚገጥመን ጥያቄ ነው።

ሰብሳቢ፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ተጓዦቹ ሦስት፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ከሁለቱ ሳምንት አንዱ በሰሜን። የመጀመሪያው ክፍል «ሸምጋይን ማን ይመርጣል?» ይሆናል፣ የ1958ቱ ታሪክም እዚያው ይግባ። የሁለት ወረዳው ሙከራ ይቆያል፣ ግን በመጀመሪያው ዓመት የአበዳሪ ድርጅት ጉዳይ አይቀበልም። የሚቃወም ካለ አሁኑኑ ይናገር።

የንግድ ሕግ አባል፦
ጨርሶ አይቀበልም ማለት ይከብዳል። «ከተበዳሪው ጥያቄ በቀር» እንበለው። ተበዳሪው ራሱ ከመጣ ለምን እንመልሰዋለን?

የሐዋሳ አባል፦
በዚህስ እስማማለሁ።

ሰብሳቢ፦
ይግባ። ጠበቃችን፣ መግቢያውን እስከ ሐሙስ። የባሕር ዳሯ እኅታችን፣ የሴቶቹን አንቀጽ አንቺ ጻፊው፣ የቧንቧ ሠራተኛውም ይግባበት። ጋሼ፣ የአመራረጡን ክፍል ከእርስዎ ሌላ የሚጽፈው የለም።

ጡረተኛው ዳኛ፦
በእጄ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሩ ከእኔ ጋር አይስማማም።

ሰብሳቢ፦
ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ እኔ እተይበዋለሁ።