የፍሬን ሸራ ካስቀየርኩ በኋላ የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ አለኝ (የጭነት መኪና፣ ጅማ)

ቡና ጫኝ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና አመላልሳለሁ፣ መኪናዋ ባለ 10 ጎማ ናት የአየር ፍሬን። የዛሬ ሁለት ሳምንት የኋላ ፍሬን ሸራ አስቀየርኩ፣ ታንቡር ወረደ ሞዞም (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ወጣ ኩሽኔታውም (ሞዞው የሚሽከረከርበት) ግራሶ ተቀባ፣ ከጋራዥ ስወጣ ሰላም ነበረች በማግስቱ ሰርቦን ሳልፍ ቢጫዋ የኤቢኤስ (ፍሬን ስረግጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው) መብራት በራች በዛው ቀረች። አንዳንዴ ቁልፍ ስከፍት ትጠፋና ትንሽ እንደተንከባለልኩ ትመለሳለች። ፍሬኑ ራሱ ይይዛል ችግር የለውም ብዬ ትቼው ነበር፣ ባለፈው እሁድ ግን ባዶዬን ስመለስ ከወልቂጤ ወደ ጊቤ እየወረድኩ ዝናብ ጥሏል ከፊቴ ሚኒባስ ድንገት ቆመ፣ ስረግጥ የኋላዋ ወደ ግራ ሄደብኝ፣ ረዳቴ ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ይዞ ቃል አልወጣውም። እግዜር አወጣን። ጋራዥ ሄጄ ስነግራቸው «ፍሬንህ ይሰራል አይደል፣ አምፖሏን ንቀላት» አሉኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ምን ላድርግ?

የድሮ ሹፌር፦
እንኳን አተረፋችሁ ልጄ። አምፖሏን እንዳትነካት! መብራቷ በራች ማለት ኮምፒውተሩ ከአንዱ ጎማ ወሬ ስላጣ እዛ ጎማ ላይ ስራውን አቁሟል ማለት ነው። አየሩ እንደ ድሮው ፍሬን ይይዛል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም ያልታወቀህ ለዛ ነው። እርጥብ ላይ ባዶ መኪና ሲሆን ግን ጎማው ቶሎ ይቆለፋል፣ ሲቆለፍ ደግሞ አየሩን ለቀቅ ያዝ ለቀቅ ያዝ የሚያደርግለት ቫልቭ ትእዛዝ አልደረሰውም፣ ወደ ግራ የወሰደህ እሱ ነው።
እኔ የምጠረጥረው ሴንሰሩ ተገፍቶ ነው። ሞዞው ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፣ ብዙዎቹ ላይ 100 ጥርስ ነው፣ ሴንሰሩ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ጥርሶቹ ሲያልፉ ይቆጥራል። ሞዞ ሲገባ ሲወጣ ወደ ኋላ ይገፋል። ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ቀስ ብለህ ስትሄድ ማንበብ ይከብደዋል። መፍትሄው ደግሞ ብር አያስወጣም፣ በእጅህ ቀለበቱን እስኪነካ ግፋው በቃ፣ ጎማው ሲዞር እራሱ የሚበቃውን ክፍተት ይሰራል። በመዶሻ እንዳትመታው፣ በካቻቢቴም አትፈንቅለው፣ ውስጡ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው ከተበጠሰ አለቀለት።

ኤሌትሪሻኗ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ሳትለካ ሴንሰር እንዳትገዛ ነው ወንድሜ። ብዙ ሰው ደህና ሴንሰር አውጥቶ ይጥላል። መጀመሪያ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ወይ በታኮ አስይዝ፣ የኋላውን በክሪክ አንስተህ ከስሩ መደገፊያ አድርግ፣ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ ከዛ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ ጎማው በእጅ እንዲዞር። የሴንሰሩን ሶኬት ንቀልና በቴስተር ኦም (የሽቦውን መቋቋም) ለካ፣ ባለ ሁለት ሽቦዎቹ አብዛኞቹ ከ1000 እስከ 2000 ኦም ውስጥ ናቸው፣ የግራና የቀኙን አወዳድር። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፣ ዜሮ ከሆነ ሽቦው እርስ በርሱ ተነካክቷል። ቀጥለህ ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ ጎማውን በሁለት ሴኮንድ አንድ ዙር ያህል አዙረው፣ 0.2 ቮልትና ከዛ በላይ ከሰጠህ ሴንሰሩም ክፍተቱም ደህና ነው። ኦሙ ልክ ሆኖ ቮልቱ ካነሰ ግን ወይ ርቋል ወይ ጥርሱ ጭቃና ዝገት ሞልቶታል፣ የኛ አገር ቀይ አፈር ሲደርቅ እንደ ሸክላ ነው የሚይዘው በሽቦ ብሩሽ ካልሆነ አይለቅም። ሴንሰሩን ጨምድዶ የሚይዘው ቀጭን የብረት እጅጌ አለ፣ እሱ ከላላ ዛሬ ብትገፋው ነገ ይመለሳል። ርካሽ ነገር ነው ቀይረው።
ደግሞ መኪናዋ ላይ ብየዳ አሰርተህ ከነበረ ንገረኝ፣ ባትሪና የኤቢኤስ ኮምፒውተሩ ሶኬት ሳይነቀል ከተበየደ ሌላ ጣጣ ነው።

መንገደኛ፦
አባቶቻችን ያለ ኤቢኤስ ስንት ዘመን ነድተዋል፣ ቀስ ብሎ መንዳት ነው ዋናው። ሰዉን ባታስፈራሩት

የድሮ ሹፌር፦
ወንድሜ እኔም ያለሱ ነድቻለሁ፣ በእግሬ እያነሳሁ እየረገጥኩ። ይሄ ልጅ ግን ኤቢኤስ አለኝ ብሎ አንዴ ነው የሚረግጠው፣ የሌለውን አለኝ ብሎ መንዳት ነው የሚገለው። ያልከው ግን እውነት አለው፣ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ኤቢኤስ የጋለ ታንቡር አያቀዘቅዝልህም፣ ከባድ ማርሽና ሞተር ፍሬን ነው። ጠጠር መንገድ ላይማ ጭራሽ መቆሚያህን ሊያረዝመው ይችላል፣ ያኔም ጥቅሙ መሪው እንዲታዘዝህ ነው። በክረምት ደግሞ የአየር ቦንቦላውን ውሃ በየቀኑ አፍስሱ፣ ውሃና ዘይት ከኮምፕረሰር እየመጣ የኤቢኤስ ቫልቮቹ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ማሸጊያ ነው የሚበላው።

ቡና ጫኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ብየዳ የለም እህቴ። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ አነሳናት፣ የቀኝ ኋላ 1240 ኦም የግራ 1260፣ ቮልት ስንለካ ግን ቀኙ 0.05 ብቻ። በእጄ ስገፋው ጥቅ ብሎ ገባ 0.4 ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፣ መብራቷ ጠፋች፣ አሰንዳቦ ስደርስ ተመልሳ በራች!!

ኤሌትሪሻኗ፦
እጅጌው ካልላላ ኩሽኔታው ነው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፣ ከተንቀሳቀሰ ሞዞው እየተወላገደ ሴንሰሩን መልሶ መልሶ ይገፋዋል። የኤቢኤስ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ጎማም ይወጣል በዚህ፣ ሳታሳስር እንዳትጭን።

ቡና ጫኝ፦
ኩሽኔታው ነው እህቴ። ሲገጥሙት ዳዶውን በደንብ አላሰሩትም፣ ጎማው በእጅ ይወዛወዛል። ሌላ መካኒክ አሰረልኝ፣ እጅጌውንም ቀየርኩ። ትናንት ሶኮሩ ድረስ ደርሼ ተመለስኩ ዝናብም ነበር፣ መብራቷ ቁልፍ ስከፍት ትበራለች ስንቀሳቀስ ትጠፋለች። ሐሙስ እጭናለሁ።