«ከነበልባል ጋር፣ ድሬዳዋ 1970» — እንዴት ይነበባል?

የወረኢሉ ልጅ

ሰላም ለቤቱ። አንዲት አጭር ጽሑፍ እንቅልፍ ነሥታኛለች።

አባባ፣ የእናቴ አባት፣ አየር ኃይል ውስጥ እሳት አጥፊ ነበሩ እየተባለ ነው ያደግነው። እሳቸው ስለ ጦርነት አያወሩም ነበር። አሁን ታሪካቸውን ለልጆች ጽፌ ላስቀምጥ ብዬ ስነሳ፣ ወረኢሉ ካለው ሣጥን አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተገኘ። ጀርባው ላይ በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«ከነበልባል ጋር፣ ድሬዳዋ 1970።»

በቃ። ግስ የለ፣ የሰው ስም የለ። አጎቴ «ከእሳት ጋር እየታገልኩ ማለታቸው ነው» ይላል። አንድ ጎረቤታችን ግን «ነበልባል የጦር ስም ነው፤ አያትህ እግረኛ ነበሩ» ብለው ቤቱን በጠበጡት። እማማን ስንጠይቃቸው «እሳት አደጋ ነበረ» ብለው ዝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ሸዋበር

እማማ ያሉት ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። «እሳት አደጋ» እሳቱም ነው፣ የሚያጠፋውም ነው። «እሳት አደጋ መጣ!» ሲባል ትሮጣለህ ወይስ ትቀመጣለህ?

በነገራችን ላይ የመጀመሪያው እሳት አደጋ ሠራተኛ ቅዱስ ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ድረስ የሚኬደው ለዚሁ ነው።

ዘዋድላ

ቀልዱ ይቆየን። «ነበልባል» ምን እንደሆነ ሳንወስን ወደ ሌላው መሄድ የለብንም።

መዝሙር 103ን የደገመ ሰው ያውቀዋል፦ «ዘይሬስዮሙ ለመላእክቲሁ መንፈሰ፣ ወለእለ ይትለአክዎ ነደ እሳት።» ግእዙ ነድ ይላል። አማርኛው እዚሁ ላይ «የእሳት ነበልባል» ብሎ ተረጎመው። ነበልባል በግእዝም አለ፣ አልካድኩም። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ነድ የሚነደው ራሱ ነው፣ ከነሥሩ። ነበልባል ከላይ የሚውለበለበው ምላስ ነው። እሳት የሚያጠፋ ሰው የሚታገለው ከነዱ ጋር ነው። የድሮ ሰው ቃል ይመርጣል፤ የአጎትህን ንባብ አልቀበለውም።

ፊደላዊት

የኔታ፣ አባባ ፎቶ ጀርባ ላይ ሲጽፉ ዳዊት ገልጠው አልነበረም። በ1970 የአማርኛ ተናጋሪ «ነበልባል» ሲል እሳት ማለቱ ነው። እናቴ ምድጃው ሲንቦገቦግ «ነበልባሉን ቀንሺው» ትለኛለች፤ እንጨቱን ነው የምጎትተው።

የቃሉ አፈጣጠር ግን ደስ ይላል። አንበለበለ — ነበልባል። አንጎደጎደ — ነጎድጓድ። አንፀባረቀ — ነፀብራቅ። ሦስቱም በአንድ ቅርጽ ነው የተሠሩት። መጀመሪያ ላይ ያለችው «ነ» የሥሩ አካል አይደለችም። ሥሩ በለበለ ነው።

ሸዋበር

በለበለ ካልሽ እኔም ልጨምር። ገልብጪውና ለበለበ ይሆናል! ሳማ ለበለበው፣ እሳት ለበለበው። ፊደላቱ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ይህን ከዓመታት በፊት ብዬ የሰማኝ አልነበረም።

ዘዋድላ

አሁንም የሚሰማህ የለም። በዚህ ሂሳብ ከሄድን «ሰበረ» እና «በረሰ» ዘመድ ሊሆኑ ነው።

ሸዋበር

«በረሰ» የሚባል ቃል አለ እንዴ?

ዘዋድላ

እኮ!

እሙ ኢብራሂም

ያ ጀማዓ፣ አብሽሩ። ገብርኤልን ከጠራችሁ እኛ ቤት ደግሞ ነቢዩ ኢብራሂም አሉ። እሳቱ ላይ ሲጣሉ ምን ተባለ? «ያ ናሩ ኩኒ በርደን ወሰላመን ዐላ ኢብራሂም።» እሳት ሆይ፣ ለኢብራሂም ቀዝቃዛና ሰላም ሁን። «በርደን» ያለው የእኛው «በረደ» ነው፤ የእናንተም ግእዝ «በረድ» ይላል። ደሴ ላይ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም ሰምተን ነው ያደግን።

ለልጁ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፎቶው ላይ ምን ይታያል? ሁላችሁም ጀርባውን እያነበባችሁ ፊቱን የጠየቀው የለም።

የወረኢሉ ልጅ

ልክ ነሽ እትዬ። አባባ መሐል ቆመዋል። ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች አሉ፤ የአንዱ ፊት በእርጥበት ተበልቷል። ሦስቱም ከጉልበት በታች የሚወርድ ወፍራም ካፖርት ነገር ለብሰዋል፤ በአዝራር ፈንታ የብረት መንጠቆ አለው። እግራቸው ላይ ቦቲ። ከኋላቸው የመኪና ጎን ይታያል፣ የተጠቀለለ ቱቦ ተሰቅሎበታል። መለዮ አይታይም፤ ቆቡን ብብታቸው ውስጥ ነው የያዙት።

ጡረተኛው

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ቦቲ ሲባል ነው የነቃሁት።

ልጄ፣ ነበልባል የሚባል ጦር በእውነት ነበረ። በደርግ መጀመሪያ ዓመታት ልዩ ሥልጠና የወሰደ ጦር ነው። ጎረቤትህ አልዋሹም። ግን ድሬዳዋ ሙቀት ላይ ቦቲና ካፖርት አድርጎ የተዋጋ እግረኛ አይቼ አላውቅም። ይህ ልብስ የእሳት ነው።

ጊዜውንም አስታውስ። ሶማሊያ በሐምሌ 1969 በሙሉ ኃይሏ ገባች። በነሐሴ ድሬዳዋ ራሷ ተጠቃች፣ አየር ማረፊያውም ጭምር። መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፤ ካራማራ ላይ ድል የተገኘው የካቲት 26 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኤፍ-5 የሚባሉት ተዋጊ አውሮፕላኖች ከድሬዳዋ እየተነሱ ቦምብ ይጥሉ ነበር። ቦምብ የጫነ አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም የእሳት መኪናው ማኮብኮቢያው ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

የአውሮፕላን ነዳጅ ሲነድ ውሃ ብቻ ብትረጭበት ነዳጁ ውሃው ላይ ተንሳፎ እየነደደ ይሄዳል። ስለዚህ አረፋ ነው የሚረጨው። አረፋው ነዳጁን ሸፍኖ አየር ይከለክለዋል። የሚረጨውም ከሥሩ ነው፤ ላይ ላዩን ነበልባሉን ብትረጭ ልፋትህ ከንቱ ነው። በዚህስ ዘዋድላ ልክ ብለዋል።

ዘዋድላ

እግዜር ይስጥልኝ። ቅኔ ቤት ያየ ሰው እሳት ሳያጠፋም ያውቃል።

ፊደላዊት

የኔታ ዛሬ አይቻሉም።

እሺ፣ ልብሱ የእሳት ነው። ታዲያ «ከ… ጋር» ምን ይሁን? ዋናው ችግር እዚያ ነው። «አያቴ ከጣልያን ጋር ተዋጉ» ብል አርበኛ ናቸው ወይስ ባንዳ?

ሸዋበር

ወሎ ላይ ይህን ጥያቄ ጮክ ብለሽ አትጠይቂ። ስንት ቤት ይፈርሳል መሰለሽ።

ዘዋድላ

ግሱ ነው የሚወስነው። ተዋጋ፣ ታገለ፣ ተከራከረ፣ ተጣላ ካለ «ጋር» ባላጋራን ሊያመጣ ይችላል። በላ፣ ሄደ፣ ቆመ ካለ ወዳጅን ብቻ ያመጣል። ግስ ከሌለስ? ግስ ከሌለ የሚታሰበው «ነው» ወይም «ቆሜ» ነው፤ ስለዚህ ወዳጅነት ነው። ፎቶ ጀርባ ላይ «ከወንድሜ ጋር» የሚል ጽሑፍ አይቶ «ከወንድሙ ጋር ሲደባደብ» ብሎ የሚያነብ የለም።

ፊደላዊት

ፎቶው ግን ራሱ ግስ ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰው የእሳት ልብስ ለብሶ፣ ከኋላ ቱቦ ተሰቅሎ «ከነበልባል ጋር» ሲል፣ «ስንታገል» የምትለዋን ዓይን ይጨምራታል። ጽሑፉ ብቻውን አይነበብም።

ዘዋድላ

ዓይን ሰዋስው አይሠራም።

ፊደላዊት

«ጋር» ራሱ እኮ መጀመሪያ ቦታን ነው የሚያሳየው። «እኔ ጋር ና» ስል ወዳጅም ጠላትም የለበትም፤ ያለሁበት ና ማለቴ ነው። አባባም «ነበልባሉ ያለበት ነበርኩ» ብለው ይሆናል።

ዘዋድላ

«እኔ ጋር» ሌላ፣ «ከእኔ ጋር» ሌላ። «ከ» የገባችው በከንቱ አይደለም። ግእዙ «ምስለ» ይላል፣ ምስለ ደግሞ አብሮነት ነው።

ፊደላዊት

በምስለም ይጣሉበታል የኔታ!

ዘዋድላ

ግስ ሲኖር። አልኩሽ እኮ። ክርክሩን ወደ ኋላ አትመልሺው።

ሸዋበር

ልጁ ሄዷል እኮ። ቡናው ሦስተኛ ደርሷል።

እሙ ኢብራሂም

እኔ ሌላ ነው የሚታየኝ። ከኋላቸው መኪና አለ አይደል? ወታደር ለመኪናው ስም ያወጣል። የእኔ አጎት አይሱዙውን «ደመላሽ» ብሎ ነበር የሚጠራው፣ ያውም ሲቪል ሆኖ። ነበልባል መኪናው ቢሆንስ? «ከነበልባል ጋር» ማለት ከመኪናችን ጋር ተነሣን ማለት ነው። ሰዋስዉም ልክ፣ ልብሱም ልክ፣ ዘዋድላም ደስ ይላቸዋል።

ሸዋበር

እሳት የሚያጠፋ መኪና ነበልባል ተባለ! ይህ ወሎዬ ቀልድ ነው። አምኛለሁ።

ጡረተኛው

ሊሆን ይችላል። የጓደኛ ቅጽል ስምም ሊሆን ይችላል። ቁጡ ሰው ነበልባል ይባል ነበር። ወይም ደግሞ የነበልባል ጦር ልጆች ጎብኝተዋቸው አብረው ተነሥተው፣ ፊቱ የተበላው የእነሱ ሰው ይሆናል።

የወረኢሉ ልጅ

አልሄድኩም፣ እያነበብኩ ነው። እሱም እንደ ሁለቱ ካፖርት ለብሷል ግን።

ጡረተኛው

እንግዲያውስ የእነሱ ሰው አይደለም። መኪናው ወይም ጓደኛው ይሁን። ለማንኛውም በፎቶ ብቻ ታሪክ አትጻፍ። የጡረታ ደብተር ካለ የሚያገለግሉበት ክፍልና ማዕረግ ተጽፎበታል። የምስክር ወረቀት፣ የሜዳይ ወረቀት፣ የፍቃድ ወረቀት ሁሉ ፈልግ። ማህተሙ ላይ «አየር ኃይል» የሚል ካለ አለቀ። በዕድሜያቸው ያሉ የድሬዳዋ ወይም የደብረ ዘይት ሰዎችን አፈላልገህ ፎቶውን አሳይ። «አያቴ እሳት አጥፊ ነበሩ?» አትበላቸው፤ ሰው ለልጅ ልጅ ሲሆን እሺ ይላል። «ይህ ልብስ የማን ክፍል ነው?» በላቸው።

ሸዋበር

ጋሼ፣ «ቦቲ» ያሉት ግን ከየት የመጣ ነው? ቦቴስ? ነዳጅ ቦቴ፣ ውሃ ቦቴ። እሳት አጥፊ ቦቲ አድርጎ ከቦቴ ውሃ ይቀዳል። አንድ ሥር መሆን አለበት።

ፊደላዊት

አይደለም። ቦቴ የጣልያን ነው፣ በርሜል ማለት ነው። ቦቲ የእንግሊዝ ጫማ ነው። የተገናኙት ደሴ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ሸዋበር

ጣልያን ደሴን በእሳት ቦምብ ሲደበድብ ቦቴ ይዞ አልመጣም።

እሙ ኢብራሂም

ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው። ጃንሆይ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። እናቴ ያደገችበት ሰፈር ጎጆው ሁሉ የሣር ክዳን ነበረ፤ አንዱ ሲያያዝ ጎረቤቱን ይዞ ይሄድ ነበር አሉ። እሳት አደጋ የሚባል የለ። ሰው በአፈር፣ በእርጥብ ቅጠል፣ በእንስራ ውሃ ነው የታገለው። ለዚህ ነው የደሴ ልጅ እሳት አጥፊ ሲሆን የሚያኮራኝ፣ የወረኢሉም ቢሆን።

የወረኢሉ ልጅ

«የወረኢሉም ቢሆን» የምትለዋን አልረሳትም እትዬ።

ደብተሩን እማማን ጠየቅኳቸው። ከትራሳቸው ሥር ነበረ። ማህተሙ ደብዝዟል፤ «…ኃይል» የሚለው ብቻ ይነበባል። ነበልባል ማነው ስላቸው ደግሞ ሳቁና «እሱማ እሳት የላሰ ነበር» አሉ። ሰው ይሁን መኪና አልነግርህ አሉኝ።

ዘዋድላ

«እሳት የላሰ» ለመኪና አይባልም። ለብልህ፣ ለፈጣን ሰው ነው።

ሸዋበር

እኔ ላዳዬን እሳት የላሰች ነው የምላት።

ዘዋድላ

ላዳህ ስትነሣ አይቻታለሁ።

ፊደላዊት

ቆይ፣ ግን ለምን «ላሰ»? እሳት ይበላል እንጂ ይላሳል? «እሳት በላው» ስንል እሳቱ ነው በላተኛው፤ «እሳት የላሰ» ስንል ሰውየው ነው ላሹ። አቅጣጫው ለምን ተገለበጠ?

ዘዋድላ

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 6ን እንክፈት። ሱራፊው በጉጠት ፍም ይዞ ከንፈሩን ሲነካው…