በሆትስፖት ላፕቶፕ ስጠቀም ፓኬጁ ባንድ ማታ ያልቃል፣ ምን ላስተካክል?

ከኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ቤተሰብ። ቤት የተዘረጋ ኢንተርኔት ስለሌለ ላፕቶፔን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር ነው የማገናኘው። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11፣ ስልኩ ሳምሰንግ ኤ14 ነው። ኢሜይል፣ ጎግል ዶክስና ቴሌግራም ብቻ ከፍቼ 2 ጊጋ ባይት ባንድ ማታ እልም ይላል። ያንኑ ፓኬጅ በስልኩ ብቻ ስጠቀምበት ሳምንት ያደርሰኛል። ቫይረስ ይሆን? ሁለተኛ፣ ኮንዶሚኒየሙ ግራውንድ ላይ ስለሆነ ስልኩ 4ጂ የሚይዘው ሳሎን መስኮት ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። እዚያ ሲሆን ደግሞ መኝታ ቤት ያለው ላፕቶፕ ሆትስፖቱን አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል። ሴቲንግ ብዙ ስለማልነካካ አንድ በአንድ ብታስረዱኝ።

ጥገና ገላን፦
ቫይረስ ከማለትሽ በፊት ማን እንደበላው እዪ። ስልኩ ላይ ሴቲንግስ → ኮኔክሽንስ → ዳታ ዩሴጅ → ሞባይል ዳታ ዩሴጅ ግቢ። ዝርዝሩ ውስጥ ሆትስፖትና ቴዘሪንግ ለብቻው መስመር አለው፤ በላፕቶፑ በኩል ያለፈው ሁሉ እዚያ ይደመራል። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ → ዳታ ዩሴጅ ክፈቺ፤ በየፕሮግራሙ ተከፋፍሎ ይታያል። አናቱ ላይ «ሲስተም» ካለ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውስ አፕዴት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክሽ በሞባይል ዳታ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ ከባድ ከባዱን ነገር ዋይፋይ እስኪያገኝ ያቆየዋል። ላፕቶፑ ግን ሆትስፖቱን እንደማንኛውም ዋይፋይ ነው የሚያየው፤ ገደብ እንዳለው ማንም አልነገረውም። ስለዚህ ንገሪው፦ ከሆትስፖቱ ጋር እንደተገናኘሽ ሴቲንግስ → ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት → ዋይፋይ → የሆትስፖቱ ስም ያለበት ፕሮፐርቲስ፣ እዚያ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ኦን አድርጊ። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ አብዛኛውን አፕዴት በራሱ አያወርድም፣ ዋንድራይቭም (ፋይልሽን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ፋይል መስቀሉን ያቆማል። ዋንድራይቭን አትናቂው፤ ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ፎልደሮችሽን ሳታውቂ ሲጭን ያመሽ ይሆናል፣ የሚሰቀለውም ከፓኬጁ ነው የሚቆረጠው።

አንድ ጥንቃቄ። ይህ ምርጫ የሚቀመጠው በኔትወርኩ ስም ነው። የሆትስፖቱን ስም ከቀየርሽ፣ ወይም ላፕቶፑ ላይ «ፎርጌት» ካልሽ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ዋይፋይ ይቆጥረውና ሜተርዱ ይጠፋል። ስለዚህ ፓስወርድ የምትቀይሪ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሺ። ሆትስፖቱ ገጽ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ ከላፕቶፕሽ ሌላ የማታውቂው ስም ካለ ጎረቤት ገብቷል ማለት ነው።

ዓለምገና ልጅ፦
ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሰርቪስስ ውስጥ ገብተሽ ዊንዶውስ አፕዴትን ዲሴብል ማድረግ ነው፣ ተገላገልሽ።

ቱሉ ዲምቱ ኔት፦
@ዓለምገና ልጅ፣ አትምከራት። ዊንዶውስ ቆይቶ ራሱ መልሶ ያበራዋል፤ እስከዚያ ደግሞ የደህንነት ማስተካከያ ሳይገባለት ይቆያል፣ ፍላሽ በየቦታው ለሚሰካበት ላፕቶፕ ይሄ አይመከርም። ሜተርዱ ይበቃል። ወርሃዊው አፕዴት የሚለቀቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ነው፤ «ባንድ ማታ አለቀ» የሚለው ቅሬታ የሚበዛውም በዚያ ሰሞን ነው። አፕዴቱን መሥሪያ ቤት ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትሄጂ አውርጂው፣ ወይም የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ የአፕዴት ገጹ ላይ ዳውንሎድ የሚለውን ራስሽ ተጫኚ።

ሜተርድ የማይነካቸው ግን አሉ። ብሮውዘር አይሰማውም፤ ዩቲዩብ ላይ ጥራቱን 480 ላይ አድርጊ። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም ደግሞ ዋናው ሌባ ነው፦ ሴቲንግስ ውስጥ የሚዲያ አውቶማቲክ ዳውንሎድ አለ፣ ለግል ቻት፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ። የቻናሉንና የግሩፑን ፎቶም ፋይልም አጥፊ። ስልኩ ላይ ስላጠፋሽው ኮምፒውተሩ ላይ የጠፋ እንዳይመስልሽ፣ ሁለቱ አይነጋገሩም።

ወደ መስኮቱ ልምጣ። ስልኩ ላይ ሆትስፖት → ባንድ (የዋይፋዩ ሞገድ) የሚለውን እዪ፤ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆነ ወደ 2.4 መልሺው። 5 ፈጣን ነው፣ ግን የብሎኬት ግድግዳ አይወድም፤ አንዳንድ የቆየ ላፕቶፕ ጭራሽ አያየውም። ስልኩን ከመስኮቱ አታንሺው፣ ግን የብረት ፍርግርጉ ላይ አታስደግፊው፣ ፀሐይም በቀጥታ አይምታው፤ ሆትስፖት እየሠራ ቻርጅ ሲደረግ ይግላል፣ ሲግል ፍጥነቱ ይወርዳል።

ጠረጴዛሽን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ከቻልሽ ከዋይፋዩ ይልቅ ገመድ ይሻላል። ስልኩን በዩኤስቢ ሰክተሽ ሆትስፖቱ ባለበት ገጽ ላይ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሪ። ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ያደርጋል። ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ካለ ገመዱን ለውጪ፤ ርካሾቹ ውስጥ የኃይሉ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ ዳታ የሚያሳልፉት ሁለቱ የሉም። ደግሞ በገመድ ሲሆን ዊንዶውስ «ኢተርኔት» ብሎ ነው የሚያየው፤ ለዋይፋዩ ያበራሽው ሜተርድ እዚህ አይሠራም፣ ኢተርኔት ገጽ ገብተሽ እንደገና አብሪው።

ከኮዬ ፈጬ፦
ተባረኩ! አየሁት፤ «ሲስተም» አንደኛ፣ ቴሌግራም ሁለተኛ ነው። ሁለቱንም አስተካከልኩ፣ ባንዱም 5 ላይ ነበር። አንድ የቀረኝ፦ ስልኩ መስኮት ላይ ሆኖም አንዳንዴ ወደ 3ጂ ይወርዳል። ጎረቤቴ በኮድ 4ጂ ብቻ አድርጊው አለኝ፣ ልሞክር?

ጥገና ገላን፦
*#*#4636#*#* የሚባለውን ነው የሚልሽ። በብዙ አንድሮይድ ስልክ የኔትወርክ ምርጫ ይከፍታል፣ ሳምሰንግ ላይ ግን ሁልጊዜ እሺ አይልም። ቢከፍትም ኤልቲኢ (4ጂ ማለት ነው) ብቻ ካደረግሽው በኋላ ቮልቲኢ (በ4ጂ መደወያው) ካልበራ ወይም ሲሙ ካልተፈቀደለት ጥሪ አይገባልሽም፤ ሰው «ስልክሽ አይሠራም» ይልሻል፣ አንቺ ዳታው እየሠራ ስለሆነ አይገባሽም። የስልክ ቁጥሩ ለጥሪ የምትፈልጊው ከሆነ ተይው። መጀመሪያ ሴቲንግስ → ኮኔክሽንስ → ሞባይል ኔትወርክስ ገብተሽ ኔትወርክ ሞዱ 4ጂ ያለበት ኦቶ መሆኑን አረጋግጪ፤ ሁለት ሲም ከሆነ ዳታ የተመረጠለት ሲም የትኛው እንደሆነም እዪ።