ባለሁለት ቃል ስሞች ያሉበትን የግራፍ ግብዓት ስለማንበብ

በባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የተሰጠን የቤት ሥራ በጣና ሐይቅ ወደቦች መካከል ያሉትን የጀልባ ጉዞዎች እንደ ግራፍ (ነጥቦችና እነሱን የሚያገናኙ መስመሮች) አንብቦ አጭሩን መንገድ የሚፈልግ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የግብዓት ፋይሉ በመጀመሪያው መስመር የወደቦችንና የጉዞዎችን ብዛት፣ ቀጥሎ የወደቦቹን ስም በየመስመሩ፣ ከዚያም እያንዳንዱን ጉዞ ከሚፈጀው ደቂቃ ጋር «ቁንዝላ ደልጊ 90» በሚል መልክ ይሰጣል።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መስመሩን ክፍት ቦታ ባለበት ሁሉ በሚቆርጠው በስፕሊት ትእዛዝ ስከፍለው ይህን የመሰለው ያለችግር ይነበባል፤ «ባሕር ዳር ዘጌ 60» ላይ ሲደርስ ግን ሦስት ሲጠበቅ አራት ቁራጭ ስለሚወጣ ፕሮግራሙ ቫልዩኤረር የተባለውን የስሕተት መልእክት ሰጥቶ ይቆማል። ከቀኝ ጀምሮ በሚቆርጠው በአርስፕሊት ትእዛዝ ቁጥሩን ነጥዬ አውጥቻለሁ፤ ያልተፈታው የሁለቱ ስሞች ድንበር ነው። «ባሕር ዳር» የሚለውን በሰረዝ አያይዤ ስሞክረው ሠርቷል፤ ነገር ግን ሥራችን በሚታረምበት ፋይል ውስጥ እንደ ደብረ ማርያም ያሉ ሌሎች ስሞችም እንደሚኖሩ ስለተነገረን ይህ መላ አያዛልቅም። ስሙ አንዴ በ«ሕ» አንዴ በ«ህ» ተጽፎ እንዳይሆን አጣርቻለሁ፤ በሁሉም ቦታ በ«ሕ» ነው። ፋይሉን መለወጥ አይፈቀድም።

የወደቦቹ ስም ዝርዝር አስቀድሞ የተነበበ ከሆነ፣ ቁጥሩ ከወጣለት በኋላ በሚቀረው ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያው ስም የት ላይ እንደሚያበቃ በምን ዘዴ ልለይ?