ጨው ቀምሼ የያዝኩት ቃል ለምን አይጠፋኝም?

ከሚሴ አዲስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት አዲስ አበባ ነው፣ ሥራ ከሚሴ ደርሶኝ ከመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። ኦሮምኛ ለመልመድ ደብተር ገዝቼ በቀን አስር አስር ቃል እጽፋለሁ። ማታ ሳነበው አለ፣ ጠዋት ገበያ ስወጣ የለም። አንድ ቀን አከራዬ እማማ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። ስኳር መስሎኝ ፉት ስል ጨው! ፊቴ ተጨማደደ። እሳቸው በሳቅ ፍርስ አሉና "ሶጊዳ! ሶጊዳ!" አሉኝ። በቃ፣ ያቺ ቃል እስካሁን ምላሴ ላይ አለች። "አናን"ንም ወተት እየጠጣሁ ነው የያዝኩት። ልሳን ምላስም ቋንቋም የሆነው በከንቱ አይደለም እንዴ? የማይበላ ቃልስ እንዴት ይያዛል? "ቦሩ" ማለት ነገ ነው፣ ስንቴ ተነግሮኝ ስንቴ ጠፋኝ።

የጦሳ ልጅ፦
ደሴ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ "ሽሮው ስዊት ነው" ብለው ይጽፉልኛል። አይፈረድባቸውም። በእኛ ጣፋጭ ስኳርም ነው፣ ጥሩ ወጥም ነው። "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ" የምንል ሰዎች እኮ ነን። ባስረዳ ባስረዳ ጠብ አልል ሲል ስኳር፣ ሎሚ፣ ጨውና የጌሾ ቅጠል ይዤ ገባሁ። ዓይን ጨፍኖ መቅመስ፣ ከዚያ ቃሉን መጥራት። ጌሾ የደረሰው ልጅ "ቢተር!" ብሎ ሲጮህ ክፍሉ ሁሉ ፊቱን እያየ አብሮት መረረው። ከዚያ ወዲህ ቢተርን የሳተ የለም። ያስቸገረኝ "ጎምዛዛ" ነው፣ አንድ ልክክ የሚል እንግሊዝኛ ቃል አጥቼለት ተውኩት።

ቦርከና፦
ጣዕም የምንለው አብዛኛው አፍንጫ ነው። ጉንፋን ሲይዝህ ወጡ ሁሉ አልጫ የሚሆንብህ ለዚህ ነው። ምላስ የሚለያቸው አምስት ናቸው ይባላል፦ ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ኮምጣጣ፣ መራራና ኡማሚ፣ ማለትም እንደ ሥጋ መረቅ ያለው ጣዕም። ለኡማሚ ስም ያወጣለት ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፣ በ1908 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከባሕር አረም መረቅ ተነስቶ። ሰው ስንት ዘመን ሲበላው ኖሮ ስሙ የመጣው ትናንት ነው ማለት ነው። ሚጥሚጣ ደግሞ ከአምስቱ ውስጥ የለችም፣ የምትቀሰቅሰው የሙቀትና የሕመም ስሜትን ነው። አማርኛ ግን ድሮም "አቃጠለኝ" ነው የሚለው፣ ሳይንሱን ቀድሞታል ሃሃ።

ባቲ ሰኞ፦
ወላሂ እኔ አልስማማም። ያስያዘህ ጨው አይደለም፣ የእማማ ሳቅ ነው። ቤትህ ዘግተህ ብቻህን ጨው ብትቀምስ ምን ቃል ይመጣልሃል? እኔ የአፋርኛ ቁጥር የለመድኩት ሰኞ ገበያ ፍየል ስሸጥ ነው። አንዴ ቁጥር ተምታቶብኝ ከሰርኩ፣ ሁለተኛ አልተምታታብኝም። መራራ ካልክ እሱ ነው! ጣዕም እንዲያውም ያሳስታል። ልጅ ሆኜ "አብሽር" ሲሉኝ አብሽ ሊያጠጡኝ እየመሰለኝ እሸሽ ነበር፣ ያ ምሬቱ እየታወሰኝ። ማጽናኛ መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ከሚሴ አዲስ፦
ባቲ ሰኞ፣ ግማሹን አሳምነኸኛል። ትናንት አምሽቼ ገባሁና እማማን እራት አለ ወይ አልኳቸው። "ቦሩ" ብለውኝ በሩን ዘጉ። ጦሜን አደርኩ። ቃሏ ግን ተይዛለች።