ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ ኪሊማንጃሮ ልወጣ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ዓመት አለፋት። ስእለት በሉት እልህ፣ ብቻ ኪሊማንጃሮን ወጥቼ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ ቆርጬ ተነስቻለሁ። ስድስት ወር አለኝ። እስካሁን የወጣሁት ትልቁ ነገር የመሥሪያ ቤታችን ደረጃ ነው፣ እሱም ሊፍቱ ሲበላሽ። ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ወዳጆቼ በየሜትሩ ቃል ይገቡልኛል፤ ጫፉ ላይ ከደረስኩ ይከፍላሉ፣ ካልደረስኩ የለም። የአምስት ቀን ጉዞ በርካሽ አግኝቻለሁ። እህቴም «አብሬሽ ካልሄድኩ» እያለች ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ቀስ በቀስ፦ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ የመጀመሪያውን ሳልጨርስ ነው የተመለስኩት። አምስት ቀኑን እርሺው። ጫፉ 5,895 ሜትር ነው፤ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከምታገኚው ግማሽ ያህል ነው። ሰውነት ይህን የሚለምደው በጡንቻ ሳይሆን በቀናት ነው። በማራንጉ መንገድ የአምስት ቀን ጉዞ 2,720፣ ከዚያ 3,720፣ ከዚያ 4,720 ሜትር ላይ ታድሪያለሽ። በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር ማለት ነው። የሐኪሞች ምክር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያሽ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር ብዙ እንዳይጨምር ነው። የሰባት ወይም የስምንት ቀን ጉዞ ፈልጊ፤ ማቻሜ ወይም ሌሞሾ የሚባሉት መንገዶች ይሻላሉ። ሁለቱም ላቫ ታወር የሚባል ቦታ (ወደ 4,600 ሜትር) ካወጡሽ በኋላ ባራንኮ ወደሚባለው ማደሪያ ወርደሽ ወደ 3,900 ሜትር ግድም እንድታድሪ ያደርጋሉ። ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ነው ምሥጢሩ።

አሁን ወደ ዋናው። «ካልደረስኩ የለም» ያልሽውን ሰርዢው። እኔም እንዲሁ ቃል አስገብቼ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ራሴን ሲፈልጠኝ ለመንገድ መሪው ደበቅኩት። ምግብ አስጠላኝ፣ እሱንም ደበቅኩ። በኋላ ቀጥ ብዬ መራመድ ሲያቅተኝ በሌሊት ደግፈው አወረዱኝ። ያስዋሸኝ ተራራው አይደለም፣ ጫፉ ላይ የሰቀልኩት የሰው ገንዘብ ነው።

ጀማሪዋ፦ ደነገጥኩ። ግን ጫፍ ካልተባለ ሰው ምን ብሎ ይሰጠኛል? መንገድ ላይ ከተመለስኩስ አያላግጡብኝም?

ገንዘብ ያዥ፦ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በአጥንት ካንሰር አንድ እግሩን ካጣ በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ምርምር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊሮጥ ተነሳ። በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሽታው ሳንባው ላይ ስለተገኘ አቆመ፤ በዓመቱ ዐረፈ። አልጨረሰም። ገንዘቡ ግን እሱ ካቆመ በኋላም ጎረፈ፤ በስሙ የሚደረገው ሩጫ ዛሬም አለ። ሰው የሚሰጠው ለምክንያቱ ነው፣ እህቴ።

ከእኔ በኩል ሌላው ጉዳይ ሒሳብ ነው። የጉዞ ወጪሽን ማን እንደሚሸፍን በመጀመሪያው መልእክትሽ ላይ በግልጽ ጻፊ። በራስሽ ብትሸፍኝው አንድ ሐሜት ቀነሰልሽ። መዋጮው በግል ሒሳብሽ አይለፍ፤ በቀጥታ ወደምታሰባስቢለት የካንሰር ተቋም ይግባ፣ ደረሰኙንም ተቋሙ ይስጥ። ስሙን ከመጠቀምሽ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። «ገንዘቡ ለምርምር ብቻ ይውላል ወይ?» ብለሽም ጠይቂ፤ ብዙዎቹ የካንሰር ድርጅቶች ታማሚ ይረዳሉ፣ ያስተምራሉ፣ ምርምሩ ከሥራቸው አንዱ ብቻ ነው። ሁሉም መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሰው የነገርሽውና የሆነው አንድ ይሁን። ስትጠይቂ ደግሞ ለሁሉም የጅምላ መልእክት አትበትኚ፣ በየስሙ ጻፊ። መጀመሪያ ጥሩ አድርገው የሚሰጡትን ቅርብ ሰዎች ያዢ፤ ቀጣዩ ሰው የፊተኛውን አይቶ ነው እጁን የሚዘረጋው።

ነርሷ፦ የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ፤ ስለ እህትሽ ልናገር። ትችላለች አትችልም የሚለው የሐኪሟ ነው። ግን እነዚህን ይዛ ትሂድ፦ ዶክሶሩቢሲን ወይም ትራስቱዙማብ የሚባሉ የካንሰር መድኃኒቶች ወስዳ ከሆነ ሁለቱም ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልጋት እንደሆነ ትጠይቅ። ደም ማነስ ካለባት ከፍታው ይብስባታል። ከብብቷ የሊምፍ እጢ (ንፍፊት) ከወጣላት በዚያ በኩል ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፤ የቦርሳ ማንገቻ እዚያ ትከሻ ላይ አይጫን። ሐኪሟ ጫፉን ከከለከለ በማራንጉ በኩል እስከ መጀመሪያው ማደሪያ እስከ ማንዳራ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ አለ፤ ደርሳ ልትመለስና ታች ልትጠብቅሽ ትችላለች።

ላንቺ ደግሞ የከፍታ ሕመምን ለመከላከል ስለሚወሰደው አሴታዞላማይድ ስለሚባለው ኪኒን ሐኪም ያማክርሽ። አብዛኛውን ጊዜ መውጣት ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ካለብሽ ንገሪው። ኪኒን ውጫለሁ ብሎ መፍጠን ግን የለም። እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ መቀባዠር፣ ቁጭ ብለሽ እንኳ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ ነው፤ ሲነጋ እናያለን አይባልም።

ቀስ በቀስ፦ ልምምዱን ከዚያው ደረጃ ጀምሪ፣ ቦርሳ አዝለሽ። መውረዱንም ተለማመጂ፣ ጉልበት የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው። አስጎብኚ ስትመርጪ ተሸካሚዎቹ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ምን እንደሚበሉ፣ የት እንደሚተኙ ጠይቂ። መልሱን የሚያድበሰብስ ድርጅት ላንቺም አይጨነቅም።

ጀማሪዋ፦ ስምንት ቀኑን ያዝኩ። መልእክቱንም እንዲህ ቀየርኩት፦ «ኪሊማንጃሮን ለመውጣት እሞክራለሁ። ስጦታችሁ ዛሬውኑ ለምርምሩ ይገባል፤ እኔ የትም ልድረስ የትም።» እህቴ ሐኪሟ ጋ ቀጠሮ ይዛለች። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ጫማ በልኬ ልግዛ?

ቀስ በቀስ፦ ግማሽ ቁጥር ይብለጥ፤ ወፍራም ካልሲ አድርገሽ ለኪው። ዛሬ ገዝተሽ ከነገ ጀምሮ አድርጊው። በአዲስ ጫማ እንዳትሄጂ፣ ቁልቁለቱ ላይ የእግር ጥፍርሽ ይነቀላል።